ታችፓዱ አልሞተም

የጎረቤታችን ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። ያገለገለ የሌኖቮ ቲንክፓድ ገዝቶ ዴቢያን 12 የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖበታል።

«ጋሼ፣ ታችፓዱ ሞቷል» አለኝ። ከኪቦርዱ ሥር ያለውን፣ ጣት የምናንሸራትትበትን ፓድ ማለቱ ነው።

«እስቲ አሳየኝ።»

ቀስቷ ትንቀሳቀሳለች። በሁለት ጣት ሲስበው ገጹ ይወጣል፣ ይወርዳል። የማይሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መታ ሲያደርገው ምንም አይከፈትም። ጫን ብሎ ጠቅ ሲያደርገው ግን ይከፈታል። «ይሄ እንኳን ሊሞት ጉንፋንም አልያዘው» አልኩት።

አንድ ጥገና ቤት «ይቀየራል» ብለው ዋጋ ነግረውታል። ልጁ ግን ሞኝ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አንድ የቆየ መመሪያ አገኘ። በመመሪያው መሠረት የሲስተም ፎልደር ውስጥ ፋይል ፈጠረ፣ «ታፒንግ፣ ኦን» ብሎ ጻፈበት፣ ሪስታርት አደረገ። ምንም የለም። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። አንድም ስህተት የለበትም። ችግሩ ፋይሉን የሚያነበው ሰው መኖሪያ ለቋል።

ሊኑክስ ላይ ታችፓድ አስቸገረኝ ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹን ያየኋቸው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። የሚሰጡት ትእዛዝ ትክክል ነው፤ የሰጡት ግን ለማይመለከተው ነው። ስለዚህ ሴቲንጉን ከመነካካታችን በፊት ጣታችን ከፓዱ ተነስቶ እስከ ቀስቷ ድረስ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ እንይ።

ቅብብሉ

ከፓዱ ሽፋን ሥር ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መስመሮች አግድምና ቁልቁል እንደ ወንፊት ተዘርግተዋል። ጣት ሲጠጋቸው የያዙት ቻርጅ በጥቂቱ ይለወጣል። ቺፑ ይህን ለውጥ እየለካ ጣቱ የት እንዳለ ያሰላል። በእስክሪብቶ ቆብ ብትነኩት የማይሰማው ለዚህ ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ ሳታደርቁ ስትነኩት የሚቃዠውም ለዚህ ነው።

ቺፑ የሚያውቀው በጣም ጥቂት ነገር ነው። «አንድ ጣት፣ እዚህ ጋ። አሁን ደግሞ እዚህ ጋ። ተነሳ።» በቃ። ጠቅ ማድረግ፣ ስክሮል፣ ዙም የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅ።

ይህን ወሬ የሚቀበለው የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ ነው። እያንዳንዱ ቺፕ የራሱ ዘዬ አለው። ሲናፕቲክስ፣ ኢላን፣ አልፕስ የሚባሉት ሠሪዎች ለዓመታት ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ነበር የሚያወሩት። ከርነሉ ሁሉንም ወደ አንድ ቋንቋ ተርጉሞ ወደ ላይ ያቀብላል። ደግነቱ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ «ፕሪሲዥን ታችፓድ» የሚል ደንብ ካወጣ ወዲህ የአዳዲስ ላፕቶፖች ፓዶች በአንድ ዓይነት ቋንቋ ማውራት ጀመሩ። ከደንቡ ሊኑክስም ተጠቀመ። በሌላ ሰው ድግስ ጠግቦ መውጣት ማለት ይሄ ነው።

ሦስተኛው ሊብኢንፑት ይባላል። የነገሩ አእምሮ እሱ ነው። ለዓመታት የመራው ሬድ ሃት የሚባለው የሊኑክስ ኩባንያ ባልደረባ ፒተር ሁተረር ሲሆን፣ 1.0 ስሪቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሥራው የጣትን ወሬ ወደ ትርጉም መቀየር ነው። ጣት አረፈ፤ 180 ሚሊሰከንድ ሳይሞላ ተነሳ፤ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም ፈቀቅ አላለም፤ እንግዲህ ይሄ «መታ» ነው። ሁለት ጣት አብሮ ወደ ታች ሄደ፤ ይሄ ስክሮል ነው። ሰፋ ያለ ነገር ፓዱ ዳር ላይ ተጋደመ፤ ይሄ መዳፍ ነው፣ ተወው።

አራተኛው ዴስክቶፑ ነው፤ መስኮቶቹንና የሴቲንግ ገጹን የሚያሳየን ፕሮግራም። ኖም፣ ኬዲኢ፣ ስዌይ፣ ሌላም። ሊብኢንፑት «መታን እንደ ጠቅ ልቁጠረው ወይስ ልተወው?» ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። በራሱ አይወስንም። የልጁ ፓድ መልስ ያጣው እዚህ ላይ ነው። ተጭኖ ጠቅ የሚያደርግ ፓድ ላይ ሊብኢንፑት ካልታዘዘ በቀር መታን እንደ ጠቅ አይቆጥርም፤ ሳናስበው እየነካን ያልፈለግነው ነገር እንዳይከፈት ብሎ ነው። ኖምም በራሱ እስከ ስሪት 46፣ ማለትም እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ፣ አጥፍቶት ነበር የሚመጣው። ዴቢያን 12 የያዘው ስሪት 43ን ነው። ኡቡንቱ የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ግን ቀደም ብሎ በራሱ ውሳኔ አብርቶታል። «የጓደኛዬ ይሠራል፣ የእኔ አይሠራም» የሚባለው ነገር መልሱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ፋይሉ ለምን ዝም አለ?

ድሮ በሊኑክስ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንም ማውሱንም የሚያስተዳድረው ኤክስ የሚባል ሰርቨር ነበር። የታችፓድ ምርጫ የሚጻፈው እሱ በሚያነበው ፎልደር ውስጥ ነበር። ልጁ ያገኘው መመሪያ የዚያ ዘመን ነው።

ከዚያ ኤክስን የሚተካው ዌይላንድ መጣ። ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስ በ2016 ከስሪት 25 ጀምሮ፣ ዴቢያን ከኖም ጋር በ2019 ከስሪት 10 ጀምሮ፣ ኡቡንቱም በ21.04 ዋና አደረጉት። በዌይላንድ መካከለኛው ሰርቨር የለም። ዴስክቶፑ ራሱ ሊብኢንፑትን ያናግራል። የኤክስ ፋይል ስለዚህ አይነበብም። የስህተት መልእክትም አይመጣም፤ ማን አንብቦ ማን ይሳሳታል? ሰውን የሚያደክመው ይሄ ዝምታ ነው።

የትኛው ላይ እንዳላችሁ ለማወቅ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናልን ከፍታችሁ ኤክስዲጂ ሴሽን ታይፕ የሚባለውን ተለዋዋጭ በኤኮ ትእዛዝ ማየት ነው። ስሙ በትልልቅ የላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ቃላቱ በታች ሰረዝ ይያያዛሉ፣ ከፊቱ የዶላር ምልክት አለ። መልሱ «ዌይላንድ» ወይም «ኤክስ11» ነው። እዚህ ትእዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል መሆናቸውን አትርሱ።

ኖም ላይ ከሆናችሁ መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ «ማውስ እና ታችፓድ» የሚለው ገጽ ነው። ለልጁ ያደረግኩለትም ይሄንኑ ነው፤ አንድ ማብሪያ ወደ ቀኝ ገፋሁ። ኬዲኢም የራሱ ገጽ አለው፣ እንዲያውም ምርጫው ይበዛል። ስዌይ ላይ በራሱ የኮንፊግ ፋይል ውስጥ «ኢንፑት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አሁንም ኤክስ ላይ ያላችሁ ደግሞ የድሮው ፋይል ይሠራላችኋል። ለሙከራ ኤክስኢንፑት የሚባል ትእዛዝም አለ፤ በእሱ የቀየራችሁት ነገር ግን ወጥታችሁ ስትገቡ አይቆይም።

አንድ ምልክት ልስጣችሁ። የምታነቡት መመሪያ «ሲንክላየንት» የሚል ትእዛዝ ከጠቀሰ ዝጉት። እሱ ሲናፕቲክስ የሚባለው የድሮ ሾፌር፣ ማለትም ፓዱን ያናግር የነበረው ፕሮግራም፣ ትእዛዝ ነው፤ ሊብኢንፑት አይሰማውም።

ከመቀየር በፊት ማዳመጥ

ሴቲንጉ በርቶ እንኳን ካልሠራ ከታች ጀምሮ መስማት ያስፈልጋል። ለዚህ የሊብኢንፑትን መሣሪያዎች ጫኑ። በዴቢያንና በኡቡንቱ «ሊብኢንፑት ቱልስ»፣ በፌዶራ «ሊብኢንፑት ዩቲልስ» በሚል ስም ነው ያሉት።

መጀመሪያ ሊብኢንፑትን «ሊስት ዲቫይስስ» በሉት፤ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን። የተገናኙትን ዕቃዎች ሁሉ ይዘረዝራል። ስሙ ውስጥ «ታችፓድ» የሚል ነገር ካያችሁ ከርነሉ ለይቶታል። «ፒኤስ ቱ ጀነሪክ ማውስ» ብቻ የሚል ካገኛችሁ ግን ከርነሉ ፓዱን ተራ ማውስ አድርጎታል። ተራ ማውስ ጣት አይቆጥርም። ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ማብሪያ ሁሉ ብታበሩት ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም የታችፓድ ገጹ ራሱ ላይታይ ይችላል። መፍትሔው ከታች ነው፤ አዲስ ከርነል ወይም ለሾፌሩ የሚሰጥ መመሪያ።

በአንዳንድ የሲናፕቲክስ ፓዶች ላይ ከርነሉ ራሱ መፍትሔውን ይጽፍላችኋል። ዲሜሴጅ የሚባለውን መዝገብ ስታነቡ «ታችፓዳችሁ በሌላ መስመር መነጋገር ይችላል፣ ኢንተርታች የሚለውን 1 አድርጋችሁ ሞክሩ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ማንም አያነበውም እንጂ እዚያ አለ። ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነሳ ፓዱ የሚደነዝዝባችሁ ደግሞ ፒኤስ ማውስ የሚባለውን የከርነል ቁራጭ (ሞጁል) አውርዳችሁ መልሳችሁ ስትጭኑት ብዙ ጊዜ ይነቃል።

ቀጥሎ «ዲበግ ኢቨንትስ» በሉት። ከዚህ በኋላ ጣታችሁን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር መስመር እየተጻፈ ይወርዳል። እኔ በጣም የምወደው መሣሪያ ነው። ግን ወጥመድ አለው። ይህ ትእዛዝ የዴስክቶፑን ምርጫ አያይም፤ የራሱን ይዞ ነው የሚነሳው። ስለዚህ መታ ብታደርጉና ምንም ባይጽፍ ፓዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። «ኢኔብል ታፕ» የሚለውን ጨምራችሁ ሞክሩ፤ ከፊቱ ሁለት ሰረዝ አለው። አሁን ከጻፈ ከሊብኢንፑት በታች ሁሉም ደህና ነው፤ ችግሩ ከላይ፣ ዴስክቶፑ ጋ ነው። የልጁን ላፕቶፕ እሱ እያየ እንዲህ አድርጌ ፈተንኩት። መስመሮቹ ሲወርዱ አይቶ «እንዴ፣ ይሰማል እኮ!» አለ።

ጠቅታው ከየትኛው ጥግ?

የድሮ ላፕቶፖች ከፓዱ ሥር ሁለት ቁልፍ ነበራቸው። አሁን ፓዱ ራሱ ቁልፍ ሆኗል፤ ሙሉው ወደ ታች ይጫናል። ብዙዎቹ ከላይ በኩል የታጠፉ ስለሆኑ የላይኛው ጠርዝ ጠንካራ ነው፣ የታችኛው ለስላሳ። በነገራችን ላይ ሌኖቮ በ2013 በወጣው ቲ440 ቲንክፓድ ላይ፣ ኪቦርዱ መሃል ሆና ቀስቷን የምታንቀሳቅሰውን የቀይዋን ነጥብ ቁልፎች አንስቶ ደንበኞቹ ስለጮሁበት በቲ450 መልሷቸዋል። እኔም ከጮሁት አንዱ ነኝ።

ቁልፍ የሌለው ፓድ ቀኝ ጠቅታን እንዴት ያውቃል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የታችኛውን ጠርዝ መከፋፈል ነው፤ በቀኝ ጥግ ከተጫናችሁ ቀኝ ነው፣ በግራ ከሆነ ግራ። ሁለተኛው ጣት መቁጠር ነው፤ በአንድ ጣት ግራ፣ በሁለት ቀኝ፣ በሦስት መካከለኛ። ኖም በአዳዲስ ስሪቶቹ ሁለቱንም በገጹ ላይ ያስመርጣል። የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። ጥጉን በጣት መፈለግ አይጠይቅም። ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ግን የቀኝ ጥጉን ለምዶታል፤ «ቀኝ ጠቅታዬ ጠፋ» ሲል የሚያማርረው ዴስክቶፑ ጣት ቆጣሪውን መርጦበት ነው።

ስክሮል ላይ ብዙ አልቆይም። «ተፈጥሯዊ» የሚባለው አቅጣጫ ገጹ ከጣታችሁ ጋር የሚሄድበት ነው፤ አፕል በ2011 ዋና አድርጎት ነው የተስፋፋው። ወረቀት ጠረጴዛ ላይ እንደ መግፋት። ያልለመደው ሰው ሁለት ቀን ይሳደባል፣ ከዚያ ይረሳዋል። የስክሮሉ ፍጥነት ግን እውነተኛ ቅሬታ ነው። ሊብኢንፑት የቀስቷን ፍጥነት ያስተካክላል እንጂ የስክሮልን አይነካም፤ የዴስክቶፑና የፕሮግራሞቹ ሥራ ነው ይላል። ኬዲኢ በዌይላንድ ማስተካከያ ሰጥቷል። ማስተካከያ በሌለበት ቦታ ብሮውዘሩ አንድ ዓይነት፣ ተርሚናሉ ሌላ ዓይነት ሲሮጥ ታዩታላችሁ። ኃላፊነቱን ሁሉም ለሌላው ገፍቶ ተጠቃሚው መሃል ቀርቷል። እኔ በበኩሌ ሊብኢንፑት እዚህ ላይ ግትር ሆኗል ባይ ነኝ።

ስጽፍ ቀስቷ ትዘላለች

ልጁ ሰኞ ማታ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ አማርኛ ስጽፍ ቀስቷ ትዘላለች። ግማሹ ቃል ሌላ መስመር ላይ ይገባል።»

አሁን መታ በርቷል። የአውራ ጣቱ ሥር ፓዱን ገርፎ ባለፈ ቁጥር እንደ ጠቅ ይቆጠራል። አማርኛ ላይ ይብሳል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በድምፅ በሚጻፈው ኪቦርድ ግን አምስት ቁልፍ ነው። ቁልፉ በበዛ ቁጥር መዳፍ ፓዱ ላይ የሚውልበት ጊዜ ይረዝማል። በ«ላ» መሃል ላይ ቀስቷ ከዘለለች ደግሞ ፊደሉ ሳያልቅ ተቆርጦ ይቀራል።

ለዚህ ሊብኢንፑት መድኃኒት አለው፤ በምትጽፉበት ጊዜ ፓዱን ያሰናክለዋል። አንድ ቁልፍ ብትጫኑ ለ200 ሚሊሰከንድ፣ ተከታትላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ ካቆማችሁ በኋላ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ፓዱን አይሰማም። ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍት አይቆጠሩም። እነሱን ይዛችሁ ጠቅ ማድረግ ትፈልጉ ይሆናላ። በምን ቋንቋ እንደምትጽፉም ግድ የለውም። የሚያየው የጣታችሁን ቁልፍ ነው፤ ፊደል የሚሠራው የአማርኛ ሶፍትዌር ከእሱ በላይ ነው ያለው።

ይህ መከላከያ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው። አንድ እጅ ኪቦርድ ላይ፣ አንድ እጅ ፓድ ላይ አድርገው ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ግን «ፓዱ ቆመ» ይላሉ። ለእነሱ ማጥፋት ነው።

የልጁ ግን በርቷል፤ አይሠራም። ግራ ገባኝ። «ኪቦርዱ ላይ የጫንከው ነገር አለ?» አልኩት። አለ። ካፕስ ሎክን ወደ ኮንትሮል ለመቀየር ኪይዲ የሚባል ፕሮግራም ጭኗል። ኪይዲ እውነተኛውን ኪቦርድ ራሱ ይይዝና በምትኩ ምናባዊ ኪቦርድ ይፈጥራል። ሊብኢንፑት ደግሞ ፓዱን የሚያሰናክለው ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የተሠራው ኪቦርድ ሲነካ ብቻ ነው። በዩኤስቢ የሰካችሁት ኪቦርድ ላይ መዳፋችሁ ፓዱን አይነካማ፤ ስለዚህ አይመለከተውም። ምናባዊውንም እንግዳ አድርጎ ቆጠረው።

መፍትሔው አጭር ነው። ሊብኢንፑት ልዩ ጉዳዮችን የሚያነብበት «ሎካል ኦቨርራይድስ» የሚባል ፋይል አለ፤ ኢቲሲ ውስጥ ሊብኢንፑት በሚል ፎልደር ሥር ይቀመጣል። እዚያ ላይ የምናባዊውን ኪቦርድ ስም ጽፈን «ይህ ውስጣዊ ነው» አልነው። ወጥቶ ገባ፤ ተስተካከለ። ይሄኛው ፋይል በዌይላንድም በኤክስም ይነበባል። የሚያነበው ዴስክቶፑ ሳይሆን ሊብኢንፑት ራሱ ነዋ።

ሊኑክስ ያልሆኑትን የዩኒክስ ቤተሰብ ሲስተሞች በአጭሩ ልንካቸው። ኦፕንቢኤስዲ ላይ ታችፓዱን የሚተረጉመው ሲስተሙ ራሱ ነው። ደብልዩኤስ ኮንስ ሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ «ማውስ፣ ቲፒ፣ ታፒንግ» የሚለውን 1 ታደርጋላችሁ፤ እንዲጸና በስሙ በሚጠራው የኮንፊግ ፋይል ላይ ትጽፉታላችሁ። እኔ ይሄን ንጽሕና እወደዋለሁ። ፍሪቢኤስዲ ላይ የድሮ ሲናፕቲክስ ፓድ ካላችሁ ሲስተሙ ሲነሳ በሚያነበው የሎደር ፋይል ላይ ድጋፉን ማብራት ያስፈልግ ይሆናል፤ ለአዳዲሶቹ ፓዶች አይአይሲ ሂድ የሚባለው ሾፌር ከስሪት 13.0 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ማክኦኤስም ዩኒክስ ነው፤ እሱ ላይ ግን ከሴቲንጉ ገጽ ውጪ ብዙም የምትገቡበት በር የለም።

ሦስተኛው ጉዞ

ከሳምንት በኋላ ልጁ እንደገና በሩን አንኳኳ። አሁን አፍሮ ነው። «ጋሼ፣ ቀን ደህና ነው። ማታ ማታ ቀስቷ ትንቀጠቀጣለች። ስክሮል ሳደርግ ይዘላል። ሁሉንም ሴቲንግ ሞከርኩ።»

«ማታ ምን የተለየ ነገር አለ?»

አሰበ። «ምንም። ቻርጅ ላይ ሰክቼ ነው የምጽፈው።»

እጁን ይዤ ላፕቶፑ ጎን ካለችው የብረት ብሎን ላይ አስነካሁት። «ይነዝራል?» «ትንሽ... አዎ።»

ቻርጀሩ ከዱባይ የመጣ ነው፤ ባለ ሦስት ጥርስ። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። መሃል ላይ ርካሽ መቀየሪያ ገብቷል። ሦስተኛዋ ጥርስ ኧርዝ ናት፤ መቀየሪያው ውስጥ ገብታ የትም አትደርስም። ቻርጀሮች በተፈጥሯቸው ትንሽ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ያፈስሳሉ። ኧርዝ ካለ በእሱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ ላፕቶፑ ላይ ይንሳፈፋል። ታችፓዱ ደግሞ ሥራው በጣት የሚመጣ ጥቃቅን የቻርጅ ለውጥ መለካት ነው። ጫጫታውን ከጣቱ መለየት ያቅተዋል።

ቻርጀሩን ነቀልኩት። ቀስቷ ቀጥ አለች። ሰካሁት፤ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ነቀልኩት።

«ይሄንንስ በየትኛው ፋይል ነው የምንጽፈው?» አለኝ እየሳቀ።

የኧርዝ ጥርስ ያለው ኬብል ሳሎን ውስጥ ነበረኝ፤ ኧርዝ ያለው ሶኬት ግን ቤታቸው ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ። አሁን ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ ነው የሚያጠናው።